ምጣድ ሲጣድ ጭሱ የት ይደርሳል? ሳንባችንን ከመራዊ ማዕድ ቤት እንየው



ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ መራዊ ስትደርሱ ዓይናችሁ የሚያርፈው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ግንዱ አጣና ሆኖ ይሸጣል፣ ቅጠሉና ጭራሮው ምጣድ ስር ይገባል። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ ወይ ታዝሏል፣ ወይ እሳቱ ዳር ተቀምጧል። ብዙዎቻችን ያደግነው እንደዚህ ነው። ዛሬ ያ ጭስ በአፍንጫ ከገባ በኋላ የት እንደሚደርስ እናያለን።

መጀመሪያ በሩን እንይ። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም በፀጉሩና በንፍጡ ይይዛል። ከዚያ አየሩ በጉሮሮ አልፎ ማንቁርት ጋ ይደርሳል። እዚያ አንዲት ክዳን አለች፤ ስንውጥ የአየሩን መንገድ ትዘጋለች። እየበላን ስናወራ "ትን" የሚለን ክዳኗ ስትቀደም ነው።

ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሳንባ፣ አንዱ ወደ ግራ። ግራው ለልብ ቦታ ስለሚለቅ ትንሽ ያንሳል። ቧንቧዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ ይሄዱና ጫፋቸው ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። በአንድ አዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ወደ ደም ይሻገራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል።

ታዲያ አየሩን ማን ያስገባዋል? ሳንባ ራሱን አይነፋም። የብረት ቀጥቃጭ ወናፍ ሲከፈት አየር እንደሚስብ ሁሉ፣ ከሳንባ ስር ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድና የጎድን አጥንቶች ሲነሱ ደረት ይሰፋል፣ አየርም ይገባል። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ጭሱ እንመለስ። ትልልቁ ብናኝ አፍንጫና ቧንቧ ላይ ይቀራል፤ በአክታና በሳል ይወጣል። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ግን ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ስለሚቀጥን ሁሉንም ወንፊት አልፎ ከረጢቶቹ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ቧንቧውን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮችም ያደክማል። ያኔ ለጀርም መንገዱ ይከፈታል፣ ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። የሳንባ ምች (ኒሞኒያ) ማለት ይህ ነው። የሕፃን ቧንቧ ጠባብ፣ አተነፋፈሱም ፈጣን ስለሆነ ጉዳቱ በእሱ ይብሳል።

ይህ ጉዳይ እዚሁ ሜጫ ውስጥ ተጠንቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ያሉበት ቡድን ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በታች የሆኑ ከ5 ሺህ በላይ ሕፃናትን ይዞ፣ ለግማሾቹ ቤተሰቦች የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሰጠ፤ የቀሩት በነባሩ ምድጃ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት ቀላል መልስ አልሰጠም። ምድጃው የቤቱን ጭስ ቀንሷል፤ በሕፃናቱ የሳንባ ኢንፌክሽን ላይ ግን በእርግጠኝነት ለውጥ አመጣ የሚያስብል ልዩነት አልታየም። የቀረው ጭስም ቢሆን ለሳንባ ብዙ ነበር። ደግሞስ እንጀራው በአዲሱ ምድጃ ቢጋገር፣ ወጡና ቡናው በሦስት ጉልቻ ከሆነ ጭሱ መች ከቤት ይወጣል?

ምድጃው አያስፈልግም እያልን አይደለም፤ ጭስ መቀነሱ በራሱ ጥቅም ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ። ማዕድ ቤቱ በርና መስኮት ይኑረው፣ ሲጋገር ይከፈት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እስኪጋገር ድረስ ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው፤ አባትም ቢሆን።

ልጅ ካሳለው ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው አንድ ሰዓትም አትጠብቁ። "ምች ነው" ተብሎ በዳማከሴ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስልክ ለሌላቸው እናቶች አንብቡላቸው፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ። ቸር ያሰማን!