የሱስ አማካሪ ለመሆን በታኮማ መንገዱ ምን ይመስላል?



«ሱሰኛን ለመምከር ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል እንዴ?» የሚል ጥያቄ በታኮማና በሲያትል ካሉ ወገኖቻችን በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጥያቄው አይገርመኝም። በአገራችን መጠጥ ወይም ጫት ያሸነፈውን ሰው የሚመክር አይጠፋም። የንስሐ አባት አሉ፣ ሽማግሌ አለ፣ ታላቅ ወንድም አለ። ቁጣውም፣ ልመናውም፣ ግዝቱም ይሞከራል፤ ካልሆነም ጸበል ይወሰዳል። እኔ ይህን የማቃልል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ስሠራ የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር መካሪና አማካሪ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። መካሪ ይናገራል። አማካሪ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይመዝናል፤ የሰማውንም ምስጢር በሕግ ተገዶ ይጠብቃል። ሥልጠናው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሙያውን ለመማር የምታስቡ ካላችሁ መንገዱን ባጭሩ ላስረዳችሁ።

ፈቃዱና ትምህርቱ

በዋሽንግተን ስቴት ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ የጤና መምሪያ ነው። ባለሙያው እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ «ኬሚካል ዲፔንደንሲ ፕሮፌሽናል» ይባል ነበር። በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ «ሰብስታንስ ዩዝ ዲስኦርደር ፕሮፌሽናል»፣ ባጭሩ ኤስ ዩ ዲ ፒ፣ ተባለ። ከዚያ በፊት ያለው ደረጃ የሠልጣኝነት ፈቃድ ነው። ኮሌጅ የተመዘገበ ተማሪ ይህን ፈቃድ አውጥቶ በሕክምና ድርጅት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ስደተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዶክተር መሆን አያስፈልግም። የሁለት ዓመት አሶሼት ዲግሪ መነሻ ይሆናል። በታኮማ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ የሂውማን ሰርቪስስ ትምህርት ክፍል አለ። ከትምህርቱ ከፊሉ በቀጥታ ስለ ሱስ መሆን አለበት፤ አደንዛዥ ነገሮች በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ለውጥ፣ የግልና የቡድን ምክር፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የሙያ ሥነ ምግባርና ሕግ፣ ወዘተ። ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ማስረጃችሁን አስገምግማችሁ የሚያዝላችሁን ከያዛችሁ በኋላ የጎደሉትን ኮርሶች ብቻ መውሰድ ይቻል ይሆናል።

ሰዓቱና ፈተናው

ቀጥሎ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራ የልምምድ ሰዓት አለ። ለረጅም ዓመታት የሠራው መለኪያ አሶሼት ዲግሪ ላለው 2,500፣ ባችለር ላለው 2,000፣ ማስተርስ ላለው 1,500 ሰዓት ነው። 2,500 ሰዓት በሙሉ ጊዜ ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት በሚደረገው የመጀመሪያ 50 ሰዓት ተቆጣጣሪው አብሮ ይገኛል። በመጨረሻ ብሔራዊ ፈተና አለ። ደንቡ ስለሚሻሻል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጤና መምሪያውን ወቅታዊ መመሪያ ተመልከቱ።

ሥራው ምንድን ነው?

ሥራው የሚጀምረው በምዘና ነው። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ አሥራ አንድ መለኪያዎች አሉት። ካሰብከው በላይ ትጠጣለህ ወይ? ለማቆም ሞክረህ አቅቶህ ያውቃል? ሥራህ ተበድሏል ወይ? የመሳሰሉት ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ከተገኘ ቀላል፣ አራት ወይም አምስት ከሆነ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። እዚህ ስቴት ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ሰው ይህን የመሰለ ምዘና እንዲያደርግ ይታዘዛል። መንዳት እንጀራው ለሆነ ወገናችን ደግሞ ጉዳዩ የመብላትና ያለመብላት ነው።

አማካሪ ምን ሊያድን እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው ቤተሰቡ «ከዛሬ ጀምሮ አትቀምስም» ብሎ ቤት ይዘጋበታል። በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን አልኮል በድንገት ሲቋረጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ጸበልም ቢሄድ ይህን ሳያውቁ መሄድ አደጋ ነው። የሠለጠነ ሰው ሁለቱን ሳያጣላ ማስረዳት ይችላል።

ማዳመጥን በተመለከተ ታኮማ የራሷ ታሪክ አላት። ዴቭ ፐርቼስ የሚባል፣ በዕፅ ሱሰኞች ሕክምና የሠራ ሰው፣ በ1988 መሐል ከተማ ላይ ትንሽ ጠረጴዛና ወንበር ዘርግቶ ለተጠቃሚዎች ንጹሕ መርፌ ማደል ጀመረ። ኤች አይ ቪ የተስፋፋበት ዘመን ነበር። በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ የመርፌ መለወጫ ፕሮግራሞች አንዱ ነው። «መጀመሪያ ተወውና ና» አላለም፤ ሰውየው ወዳለበት ሄደ። በ2013 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ሥራ ላይ ነበር።

ምስጢር

ወገኖቻችን ከሕክምና የሚሸሹበት ዋና ምክንያት ገንዘብ አይመስለኝም። ወሬ ነው። «ከክሊኒኩ ሳልወጣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ይላሉ። አስተርጓሚ ሲቀርብላቸው ደግሞ አስተርጓሚው የእድራቸው አባል ሆኖ ይገኛል! እዚህ ላይ ነው ሕጉን ማወቅ የሚጠቅመው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጸና የፌዴራል ሕግ የሱስ ሕክምና መዝገብን ከሌላው የሕክምና መዝገብ በተለየ ጥብቅ አድርጎ ይጠብቃል። ታካሚው በጽሑፍ ካልፈቀደ አማካሪው ለሚስት፣ ለአሠሪ፣ ለቄስ ምንም አይናገርም። ስልክ ደውሎ «እገሌ እናንተ ጋ ይታከማል?» ላለ ሰው «አዎን»ም «አይደለም»ም ማለት አይቻልም። በእርግጥ ገደቦች አሉ፤ ለምሳሌ ሕፃን ሲበደል ማሳወቅ ግድ ነው፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመምና የፍርድ ቤት ትእዛዝም እንደ ሁኔታው ይለያሉ። አማካሪው እነዚህን ገደቦች ገና ከጅምሩ ለታካሚው ይነግረዋል።

ሌላም ግዴታ አለ። የማኅበሬ አባል ወይም የክርስትና ልጄ አባት ወደ እኔ ቢመጣ እኔ ላክመው አይገባም፤ ለሌላ ባለሙያ አሳልፌ መስጠት አለብኝ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ከተማ አንድ አማርኛ ተናጋሪ አማካሪ ብቻ ቢኖር ያ ሰው ወዴት ይላካል? አንድ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። የምንተዋወቅ ሕዝብ ስለሆንን ብዙ መሆን አለብን።

ሥራው ያደክማል፤ ደመወዙም አያበለጽግም። የተሻለው ሰው ተመልሶ ይወድቅና «በከንቱ ደከምኩ» የሚያሰኝ ቀን አለ። ነገር ግን ተመልሶ መውደቅ በዚህ ሕመም የተለመደ መሆኑን ትምህርቱ ራሱ ያስታጥቃችኋል። ነገሩን በአማርኛ ሰምቶ፣ ሳይፈርድ፣ ሳያወራ የሚቀመጥ ሰው ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ለዚህ ሥራ ልብ ያላችሁ፣ ራሳችሁም ከሱስ ተላቃችሁ የቆማችሁ ጭምር፣ በሚቀጥለው ኳርተር ወደ ኮሌጁ ጎራ ብላችሁ አማካሪዎቹን አነጋግሩ።

ቸር ይግጠመን።