ከሰው ተራ፤ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ስለ ሰውነትና ስለ ክብር

በቀድሞው በጌምድር፥ በዛሬው ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር «ሰው» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ፍጥረቱን ከእንስሳ ለይቶ መጥራት ነው፤ ሁለተኛው ግን ማዕርግ ነው። ልጁ አድጎ ጎጆ ሲወጣ «ሰው ሆነ» ይባላል፤ የረዳው ዘመድ «ሰው አደረገኝ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ቃሉን ያጠፈ «ሰው አይደለም» ይባላል፤ በመጠጥ ወይም በድኽነት የወደቀው ደግሞ «ከሰው ተራ ወጣ» ተብሎ ይታዘንለታል። እርግጥ ነው፥ እነዚህ አነጋገሮች አማርኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ የሚሰሙ ናቸው እንጂ የሦስቱ አገሮች ብቻ አይደሉም። ነገር ግን ጥያቄውን ከመጻሕፍት ሳይሆን ከእርሻና ከምድጃ ያነሣ አንድ ሰው ከእስቴ ስለ ተገኘ፥ ጽሑፋችንን በዚያው አገር ላይ ማቆም መረጥን።

የዛሬዎቹ የሥነ ምግባር ፈላስፎች የሚከራከሩበት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ካንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነገር ሁሉ ወይ ዋጋ ወይ ክብር አለው፤ ዋጋ ያለው በሌላ ይለወጣል፥ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም ብሎ ለየ። ክብሩን የሰጠው ለራሱ ሕግ ለመደንገግ ለሚችል አእምሮ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑና አእምሮውን ያጣው ሽማግሌ በምን እንደሚቆጠሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ናይጄሪያዊው ኢፌያኒ ሜንኪቲ ደግሞ በ1984 ሰውነት ከልደት ጋር የሚገኝ ሳይሆን በማኅበር ውስጥ ቀስ በቀስ የሚደረስበት ነው ሲል ጻፈ፤ ለሕፃን ሞት የሚደረገው ለቅሶ ለሽማግሌ ከሚደረገው ማነሱንም ለማስረጃ አቀረበ። ጋናዊው ክዋሜ ጄቼ ግን ተቃወመው፤ ማኅበር ሰውን ያሳድገዋል እንጂ ሰው አያደርገውም አለ።

ሜንኪቲ ጋይንትን አያውቅም፤ ሆኖም ብዙ ነገር ያገኝበት ነበር። በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፥ የክርስትና አባትና እናትም ያገኛሉ። ሳይጠመቅ ለሞተው ሕፃን ፍትሐት አይደረግም። ዐዋቂው ሲሞት ግን ፍትሐቱ ይደረግለታል፥ በ40ኛው ቀንም ተዝካሩ ይወጣል፤ ከተቀበረም በኋላ ገና ከማኅበሩ ይቆጠራል ማለት ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በመጀመሪያው አንቀጽ ሰው ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ እስኪሞት ድረስ ባለመብት መሆኑን ይደነግጋል። ማኅበሩ ጥቂት በጥቂት የሚሰጠውን ሕጉ በአንድ ጊዜ ሰጠው።

ማዕርጉ ከቋንቋው ውስጥም አለ። አማርኛ የሚናገር ሰው በፊቱ ያለውን ሰው «አንተ»፥ «አንቺ» ወይም «አንቱ» ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አይሆንለትም፤ ግሡ ራሱ ክብርን እየመዘነ ይረባል። «አንቱ» ለካህኑ፥ ለሽማግሌው፥ ለክርስትና አባት ይባላል። በብዙ ቤትም ሚስት ባሏን «አንቱ» ስትል፥ እርሱ «አንቺ» ሲላት ኖሯል። ጄረሚ ዋልድሮን የተባለው የሕግ ፈላስፋ በ2009 ባሰማው ንግግር፥ በ2012ም በታተመው መጽሐፉ፥ የዛሬው ሰብአዊ ክብር ማዕርግን የሻረ ሳይሆን የመኳንንቱን ማዕርግ ለሰው ሁሉ ያዳረሰ ነው ይላል። በእኛ አነጋገር ሁሉም «አንቱ» ይባል እንደ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ «ተራ» የሚለው ቃላችን ሰልፍንም ይላል፥ ማዕርግ የሌለውንም ሰው ይላል፤ ከሰው ተራ የገባ ሁሉ ተራ ሰው ሊሆን ይችላል።)

የእነዚህ ሐሳቦች መፈተኛ የእጅ ሙያተኛው ነው። ቀጥቃጩ ማረሻውንና ማጭዱን፥ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱንና እንስራውን ይሠራሉ፤ ያለ እነርሱ አይታረስም፥ እንጀራም አይጋገርም። ሆኖም «ቡዳ» ናቸው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ሲወራባቸው ኖሯል። ይህ እንደ ሌላው ስድብ አይደለም። ሌላው ስድብ ክፉ ሰው ነህ ይላል፤ ይህ ግን ሰው ትመስላለህ እንጂ ሰው አይደለህም ይላል። የቀጥቃጭ ልጅ ትጉህ፥ ቃሉን የሚጠብቅ፥ ለጎረቤቱ የሚደርስ ቢሆን እንኳ፥ «ሰው ሆነ» ከሚያሰኘው ነገር ዋናው፥ ከባላገሩ ጋር መጋባት፥ ተከልክሎበት ኖረ። የሜንኪቲን ትምህርት አፍሪቃዊ ስለ ሆነ ብቻ በደስታ የሚቀበሉ ባልደረቦቻችን ይህን ልብ ቢሉት ይበጃል። ሰውነትን የሚሰጥ ማኅበር ብቻ ከሆነ፥ ማኅበሩ በሩን የዘጋበት ሰው በምን ቃል ይከሰዋል? ተበደልሁ ለማለት አስቀድሞ ከሰው መቆጠር ያሻል። በዚህ ላይ ጄቼ ትክክል ይመስለናል።

በሩን ከላይ ለመክፈት ተሞክሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት አዋጅ ሙያተኛውን ስለ ሥራው የሚሰድብ እኔን መስደቡ ነው፥ ይቀጣልም አሉ። ይህ የዋልድሮን መንገድ ነው፤ ለቀጥቃጩ ከንጉሡ ክብር ተከፈለለት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም በራሱ ጉልበት ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ፥ ወንድ ሴት ሳይለይ፥ መሬት እንዲሰጠው አዘዘ። ሁለቱም ቀላል ነገሮች አልነበሩም፤ ነገር ግን ማዕድና ጋብቻ በአዋጅ አይደረስባቸውም።

ከእስቴ የተነሣው ሰው በሌላ መንገድ ሄደ። ዙምራ ኑሩ ራሳቸው ደጋግመው እንደ ተረኩት፥ በልጅነታቸው ያስጨነቃቸው የእናታቸው ነገር ነበር፤ እናት ከአባት ጋር እርሻ ውላ ስትመለስ እርሱ ያርፋል፥ እርስዋን ግን የቤቱ ሥራ ሁሉ ይጠብቃታል። አቅም ያጣው ሽማግሌ ያለ ጧሪ መቅረቱም ያሳዝናቸው ነበር። ይህን እየጠየቁ በማስቸገራቸው ቤተ ሰባቸው አእምሮው ታውኳል አላቸው፤ እርሳቸውም ከሰው ተራ ወጡ ማለት ነው። በ1964 ዓ. ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በፎገራ አውራምባ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ ቦንጋ አገር ተሰደደ፤ ከ1983 ዓ. ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ተመለሰ።

አውራምባን እንደ ገነት አድርገው የሚያወሩ ጋዜጠኞች ብዙ ናቸው፤ እኛን የሚያሳስበን ግን አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉን ወደ «አንቱ» ለማውጣት አልተነሡም፤ ይልቁንም ሁሉም ወደ ተናቀው ሥራ ወረዱ። ወንዱም ሴቷም ሸማ ይሠራሉ፤ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፥ ሴቷ ታርሳለች። ስለዚህ «ሸማኔ» ብሎ የሚሰድብ ሰው ቢመጣ ስድቡን የሚያሳርፍበት ለይቶ አያገኝም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል፤ ክብር በሥራ ከቆመ፥ መሥራት ያልቻለውስ? አቅም ያነሰውን መርዳት ከማኅበሩ መሠረታዊ ደንቦች አንዱ ነው፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንም የሚኖሩበት ቤት ከመንደሩ መካከል ተሠርቷል። በካንት ሚዛን ቦታቸው ያከራከረው ሽማግሌ በዚያ ቤት ምግባቸው ይቀርብላቸዋል፥ ልብሳቸው ይታጠብላቸዋል፤ ሠርተው ይክፈሉ፥ አስታውሰው ያመስግኑ የሚላቸው የለም።