በስድስት መስመር የሚያልቅ ሥራ

በ1986 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ቤንትሊ በአንድ የኮምፒውተር ሙያ መጽሔት ላይ በነበረው ዓምዱ ለዶናልድ ክኑት የቤት ሥራ ሰጠው። የጽሑፍ ፋይል አንብቦ፣ በብዛት የተደጋገሙትን ቃላት ከነቁጥራቸው የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲጽፍ ነበር የጠየቀው። ክኑት በዘርፉ አንቱ የተባለ ሊቅ ነው፤ ሥራውንም በሊቅ ወግ ሠራው። በጥንቃቄ የተቀመረ የቃላት ማከማቻ ዘዴ ያለው፣ ከነማብራሪያው በርካታ ገጽ የሞላ የፓስካል ፕሮግራም አቀረበ። ቤንትሊ ደግሞ ፕሮግራሙን እንዲሄስ ዳግ ማክልሮይን ጋበዘ። ማክልሮይ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተወለደበት የቤል ላብስ ክፍል ኃላፊ ነበር። የክኑትን ጥበብ አድንቆ ሲያበቃ፣ ይኸው ሥራ በሼል፣ ማለትም በጽሑፍ የሚሰጡትን ትእዛዞች ተቀብሎ በሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ እንዴት እንደሚሠራ በስድስት መስመር አሳየ።

የመጀመሪያው መስመር ቲአር የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ጠርቶ፣ ከኤ እስከ ዜድ ካሉት ፊደላት ውጭ ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ መስመር ይለውጣል። በዚህም እያንዳንዱ ቃል የራሱን መስመር ይይዛል። ሁለተኛው ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት ወደ ትንንሾቹ ያወርዳል። ሦስተኛው ሶርት ነው፤ ቃላቱን በፊደል ተራ ይደረድራል። አራተኛው ዩኒክ ነው፤ ተመሳሳዮቹን አንድ አድርጎ ስንት ጊዜ እንደመጡ ይቆጥራል። ዩኒክ የሚያስተያየው ጎን ለጎን ያሉ መስመሮችን ብቻ ስለሆነ ሶርት የግድ መቅደም አለበት፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አምስተኛው እንደገና ሶርት ነው፤ አሁን ግን በቁጥር፣ ከብዙ ወደ ጥቂት። ስድስተኛው ሴድ የተፈለገውን ያህል መስመር ካሳየ በኋላ ሥራውን ያቆማል።

ፍርዱ ክኑትን ትንሽ የበደለ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። የተጠየቀው ፕሮግራምን እንደ ድርሰት እየተረኩ የመጻፍ ዘዴውን እንዲያሳይ ነበር፤ በአጭሩ ጨርሰው ያለው የለም። ቢሆንም እነዚያ ስድስት መስመሮች የሼልን ጠባይ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያሳያሉ። በውስጣቸው ቃል የሚቆጥር ፕሮግራም የለም። ያሉት ስለ ቃል ምንም የማያውቁ አራት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሼሉ ያደረገው ነገር ማያያዝ ብቻ ነው።

ማያያዣው ፓይፕ ይባላል፤ በቁልፍ ገበታው ላይ ቀጥ ያለች ሰረዝ (|) ናት። ሐሳቡ የማክልሮይ የራሱ ነው። በ1964 በጻፈው ማስታወሻ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ አንዱ በሌላው ጫፍ መቀጠል እንዲችሉ ጠይቆ ነበር። ኬን ቶምሰን ጥያቄውን በዩኒክስ ውስጥ እውን ያደረገው በ1973 ነው፤ ያውም በአንድ ሌሊት። በፓይፕ የተያያዙ ፕሮግራሞች ተራ አይጠባበቁም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። በሊኑክስ ላይ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ያለው ማቆያ በተለምዶ 65,536 ባይት ይይዛል። እሱ ሲሞላ ላኪው ቆሞ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ ሲያነብለት ይቀጥላል። ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል ትንሽ ማህደረ ትውስታ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳያስጨንቅ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የሼል አገባብ የስቲቨን ቦርን ሥራ ነው፤ በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ወጣ። ቦርን አልጎል 68 የተባለውን ቋንቋ ይወድ ስለነበር «ኢፍ» ብሎ የተከፈተውን ቃሉን ገልብጦ «ፊ» ብሎ ይዘጋዋል፤ «ኬስ»ን ደግሞ በ«ኢሳክ»። በዚሁ ደንብ «ዱ» በ«ኦድ» መዘጋት ነበረበት። ነገር ግን ኦድ የፋይልን ባይቶች በቁጥር የሚዘረዝር ትእዛዝ ስም ሆኖ ስለተገኘ በ«ደን» ተተካ። ከዚያ በኋላ ብሪያን ፎክስ በ1989 ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈው ባሽ የሊኑክስን ዓለም ወረሰ፤ አፕል ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የማክ ነባሪ ሼል ያደረገው ዚሽን ነው። ሁለቱም የቦርንን አገባብ ያነባሉ።

አሁን የማክልሮይን ስድስት መስመር በአማርኛ ጽሑፍ ላይ እንሞክር። ውጤቱ አስቂኝ ነው፤ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ። የመጀመሪያው መስመር ላቲን ያልሆነውን ሁሉ ጠርጎ አንዲት ባዶ መስመር ብቻ አስቀርቷል፤ ዩኒክም እሷኑ «አንድ» ብሎ ቆጥሯታል። የሚገርመው ስሕተት ተፈጠረ የሚል መልእክት የለም።

ክልሉን ከላቲን ወደ ፊደላችን መቀየር ብቻ አይበቃም። የግኑ ቲአር የሚሠራው በባይት ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» የሚለው ቃል ለእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ ደብሊውሲ የተባለው ቆጣሪ ባይት እንዲቆጥር ከታዘዘ 9 ይላል፣ ፊደል እንዲቆጥር ከታዘዘ ደግሞ 3። ያንኑ ቃል ለኦድ ሰጥቶ በአሥርዮሽ ማየት ይቻላል፦ ሰ፣ ላ እና ም ሦስቱም በ225 እና በ136 ይጀምራሉ፤ የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው። ባይት በባይት የሚሄድ መሣሪያ ፊደልን ሰነጣጥቆ ቢያበላሽ አይፈረድበትም። ዩቲኤፍ 8ን በ1992 የነደፉት ራሱ ቶምሰንና ሮብ ፓይክ መሆናቸው፣ የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባውም ከዚያ በኋላ በ1999 መሆኑ ነገሩን ያስታርቀዋል። መንገዱ ተጠርጓል፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ገና አልደረሱበትም።

መፍትሔው ከዚያው ከሼል ጓዳ ይገኛል። በቲአር ፋንታ ግሬፕ የተባለውን ፈላጊ በፐርል ቋንቋ አገባብ ጠርቶ፣ [ሀ-ፚ]+ ከሚለው ጋር የሚገጥመውን ብቻ እንዲያወጣ ማዘዝ ነው። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ፊደላቱ በፚ ያበቃሉ፤ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና የግእዝ ቁጥሮች ከዚያ በኋላ ስለሚመጡ በራሳቸው ይቀራሉ። ሁለተኛው መስመር ለእኛ ሥራ የለውም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ አይልም። ነገር ግን «ሠላም» እና «ሰላም»፣ «ኃይል» እና «ሀይል» እንደ ሁለት ሁለት ቃል እንዳይቆጠሩ የሚያስተካክል ያስፈልጋል። ሴድ ፊደልን በፊደል የመተካት ትእዛዝ ስላለው ሐ እና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ፣ ከነዘሮቻቸው ዘርዝሮ ማስተካከል ይቻላል። «ኃ»ን የመሰሉ ድምፃቸው የገጠመ ራብዖችንም አለመርሳት ነው። ሶርት ላይ ደግሞ የቋንቋ ቅንብሩን ወደ ጥንታዊው «ሲ» መመለስ ይሻላል፤ ያኔ በባይት ተራ ይደረድራል፣ የዩቲኤፍ 8 የባይት ተራም ሀለሐመውን ጠብቆ ይወጣል። ሲቆጠር እንደገና ስድስት መስመር ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ሼሉ አቅሙ ያበቃል። «ቤት»፣ «በቤት»፣ «ከቤታችን» ለዩኒክ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ግንድን ከቅጥያ መለየት የሰዋስው ሥራ ነው፤ ለዚህ ማይክል ጋሰር በፓይተን የሠራውን ሆርንሞርፎን የመሰለ መሣሪያ መጥራት ይሻላል። በሴድ ልሞክረው የሚል ሰው ጊዜውን ያቃጥላል።

ትእዛዞቹ በፋይል ተጽፈው ሲቀመጡ ስክሪፕት ይሆናሉ፤ አደጋውም ከዚያ ይጀምራል። ሼል ክፍተትን እንደ ቃል መለያ ያያል። ፋይሉ «የመስከረም ደመወዝ» ቢባልና ስሙን የያዘው ተለዋዋጭ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ለአጥፊው ለአርኤም ቢሰጥ፣ ባሽ «የመስከረም» እና «ደመወዝ» የተባሉ ሁለት ፋይሎችን ይፈልጋል። እንደዚያ የሚባሉ ፋይሎች በአጋጣሚ ካሉ ይጠፋሉ፤ የታሰበው ፋይል ግን በቦታው ይቀራል።

ከዚህ የባሰው በጥር 2015 ታይቷል። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር ለሊኑክስ ባዘጋጀው ስክሪፕት ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ያለበትን ማኅደር አድራሻ በተለዋዋጭ ይዞ በውስጡ ያለውን ሁሉ የሚደመስስ መስመር ነበር። አንድ ተጠቃሚ ማኅደሩን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውር አድራሻው ባዶ ሆነ። ባዶው ተለዋዋጭ ሲወጣ የቀረው ጭረትና ኮከብ (/*) ነው፤ ትርጉሙም ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ሁሉ ማለት ነው። የሥርዓቱን ፋይሎች የፈቃድ ገደብ አዳናቸው፤ የተጠቃሚው የግል ፋይሎች ግን በውጭ ዲስክ ያስቀመጣቸው ሳይቀሩ ተደመሰሱ። ከመስመሩ በላይ ጸሐፊው ራሱ «አስፈሪ!» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር።

ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በስክሪፕታቸው ራስ ላይ «ሴት» ብለው ሦስት ጥበቃዎችን ያበራሉ። ኢ ትእዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱን ያቆማል፤ ዩ ያልተሰየመ ተለዋዋጭን ይከለክላል፤ ፓይፕፌይል በፓይፕ መሐል የተፈጠረውን ክሽፈት ያወጣዋል። ሦስተኛው በብዛት የሚዘነጋው ነው። የመረጃ ቋት ግልባጭ በፓይፕ ወደ ማመቂያው ወደ ጂዚፕ ሲላክ፣ ገልባጩ ቢከሽፍ እንኳ ጂዚፕ ባዶውን አምቆ «ተሳክቷል» ይላል፤ ሼሉም የሚሰማው የመጨረሻውን ፕሮግራም ብቻ ነው። መጠባበቂያ አለኝ ብሎ ወራት የተኛ ሰው መረጃው በጠፋ ቀን የሚያገኘው ጥቂት ባይት ነው። ዩም ቢሆን የስቲምን ጉዳት ባላስቀረው ነበር፤ ተለዋዋጩ ባዶ ነበር እንጂ ያልተሰየመ አልነበረም። ባዶነትን የሚይዘው በተለዋዋጩ ስም ጎን ሁለት ነጥብና ጥያቄ ምልክት (:?) መጨመር ነው።

ይህን ሁሉ በቃል ማጥናት ለማይሆንለት ሼልቼክ የተባለ ነጻ መሣሪያ አለ። ስክሪፕቱን ሳያስኬድ አንብቦ ጥፋቱን በቁጥር እየለየ ይናገራል፤ 2086 ትእምርተ ጥቅስ ጎድሏል ማለት ነው፣ 2115 ደግሞ የስቲምን ዓይነት ድምሰሳ ያስጠነቅቃል። መቼ ከሼል መውጣት እንደሚገባ ግን መሣሪያ አይወስንም። ጉግል ለሠራተኞቹ ባወጣው ደንብ ከ100 መስመር ያለፈ ስክሪፕት ወደ ሌላ ቋንቋ እንዲዛወር ያዛል፤ ልኩ ተገቢ ነው፣ እንዲያውም ለጋስ ነው።

ድምሰሳ ያለበት ስክሪፕት በእጃችሁ ካለ፣ ነገ ከማስኬዳችሁ በፊት ከአርኤም ፊት «ኢኮ» የሚለውን ቃል ጨምሩና አንዴ ሞክሩት። ኮከቡ የሚሰበስባቸውን ፋይሎች በሙሉ በስማቸው ዘርዝሮ ያሳያችኋል፤ አንዱንም አይነካም።