የዕረፍት ቀን ሥራ፦ ብስክሌተኛው ሆሳዕና ላይ ለምን ይቆማል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና የሚደርሰው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ የግማሽ ቀን ጉዞ ሲሆን፣ ጓዙን ጭኖ ለሚነዳ ብስክሌተኛ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ አገር አቋርጠው የሚጓዙ ብስክሌተኞች በመርሐ ግብራቸው ውስጥ ምንም የማይነዱበት ቀን ያስገባሉ። ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች መድረሳቸውን እየጠበቁ ሳለ አንድ ቀን ሙሉ መቀመጥ ጊዜ ማባከን አይሆንምን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሰውነት ሥነ ሕይወትና በቀላል ሒሳብ እንመረምራለን።

የቆየ ልማድ

የዕረፍት ቀን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው የፈረንሳይ ዙር ውድድር 2,428 ኪሎ ሜትሩን በስድስት ምዕራፎች ከፍሎ በመካከላቸው የዕረፍት ቀናት ነበሩት። ዛሬ 21 ምዕራፎችና ሁለት የዕረፍት ቀናት አሉት። ጽጋቡ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚደርሰው ቱር ዳፍሪክም አራት ወር ገደማ በሚፈጀው ጉዞው ውስጥ በርካታ የዕረፍት ቀናት ይዟል። ከጉዞው ጋር በተያያዘ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት በአፍሪካ ለሚገኙ የጤና ሠራተኞች ብስክሌት ሲሰጥ ቆይቷል። የእኛም ገበሬ ቢሆን በሬዎቹን በየዕለቱ አይጠምድም፤ ሰንበትና በዓል ለሰው ብቻ ሳይሆን ለቀንበሩም ዕረፍት ነው።

ዳገቱ ምን ያህል ያስከፍላል?

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የከምባታዋ ዱራሜም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች መካከል ሜዳ የሆነ መንገድ ጥቂት ስለሆነ ብስክሌተኛው ወንዝ ለመሻገር ይወርዳል፤ ተሻግሮም ይወጣል። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ብስክሌትና ጓዝ ጋር በቀን በድምሩ 1,000 ሜትር ሽቅብ ወጣ እንበል። የስበትን ኃይል ለማሸነፍ ብቻ የሚሠራው ሥራ 80 × 9.8 × 1,000 ሲሆን ይህም 784 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሰውነት ወደ 3,100 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 750 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። ነፋስን ለመግፋትና በሜዳ ለመጓዝ የሚወጣው ጉልበት ገና አልተቆጠረም። በዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚያንስ ከቆላ የመጣው ተጓዥ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው።

የሌሊቱ ዕዳ

ሰውነት ለከባድ ሥራ በቅድሚያ የሚጠቀምበት ነዳጅ ግላይኮጅን ይባላል። በጡንቻና በጉበት የሚከማች የካርቦሃይድሬት ዓይነት ሲሆን፣ በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ በአጠቃላይ 500 ግራም ገደማ ይገኛል። ሰውየው ደህና አድርጎ ቢመገብ እንኳ የጡንቻ ግላይኮጅን የሚተካው በሰዓት ከሙሉው መጠን 5 ከመቶ በሆነ ፍጥነት ነው። ባዶ የሆነ ጎተራ ለመሙላት 20 ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብስክሌተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ደርሶ በማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣል፤ በመካከሉ 13 ሰዓት ስላለ 65 ከመቶ ይተካል። በየቀኑ 75 ከመቶ ቢያወጣ፣ የመጀመሪያውን ቀን በ100 ይጀምራል፤ ሁለተኛውን በ90፣ ሦስተኛውን በ80፣ አራተኛውን በ70። በአራተኛው ቀን ያለው ከሚያስፈልገው ያንሳል። በእርግጥ ሰውነት ስብንም ስለሚያቃጥል ሒሳቡ በተግባር ይህን ያህል የቀና አይደለም፤ ነገር ግን ስብ ጉልበት የሚሰጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ ብስክሌተኛው ዳገቱ ላይ ፍጥነቱን መቀነስ ይገደዳል። አንድ የዕረፍት ቀን ሲጨመር 13ቱ ሰዓት 37 ሰዓት ይሆናል፤ ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ ጎተራው ይሞላል።

በዚያው ቀን ሌላም ሥራ ይከናወናል። በላብ የወጣው ውኃና ጨው ይተካል፤ የተጎዱ የጡንቻ ፕሮቲኖች ይጠገናሉ፤ በጥልቅ እንቅልፍ ወቅት የእድገት ሆርሞን በብዛት ይመነጫል።

ቀኑን እንዴት እናሳልፈው?

ለአካባቢው ምግብ ምስጋና ይግባውና ሆሳዕና ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ከእንሰት የሚገኙት ቆጮና ቡላ በካርቦሃይድሬት የበለጸጉ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ከአይብ፣ ከወተት፣ ከባቄላ ወይም ከሥጋ ጋር መመገብ ያስፈልጋል። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው የሐዲያ አታካና ጉልበት ሰጪ ነው። ይሁን እንጂ ቅቤ በጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ ለዕረፍቱ ቀን እንጂ ለጉዞው ጠዋት አይመረጥም። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ጎተራውን ለመሙላት በቀን ከ450 እስከ 650 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ውኃም ጨው ካለው ምግብ ጋር መጠጣት አለበት፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም እስከ አደገኛ ደረጃ ሊያሳንሰው ይችላል።

ቀኑን ሙሉ መተኛትም አይመከርም። ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞች ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል በሜዳ ላይ በዝግታ ይነዳሉ ወይም ገበያውን በእግር ይዞራሉ፤ ይህም የደም ዝውውርን ይረዳል፤ በማግሥቱ እግር እንዳይከብድም ያግዛል።

ዕረፍቱ በቂ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የልብን ምት ለአንድ ደቂቃ መቁጠርና ከጉዞው በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸር ነው። ምቱ ከወትሮው በግልጽ ከፍ ካለ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካለ ሰውነቱ ገና አላገገመም፤ ሁለተኛ ቀን መቆየት ወይም ሐኪም ማየት ይገባል።

ለበጎ ዓላማ ረጅም ጉዞ የምታቅዱ ተማሪዎች እንግዲህ የዕረፍቱን ቀን ከኪሎ ሜትሩ እኩል አስቀድማችሁ መዝግቡት። ገንዘብ ያዋጣው ሰው የሚጠብቀው መድረሳችሁን ነው፤ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ደግሞ ገና ብዙ ዳገት አለ።