የጥር ልጅና የታኅሣሥ ልጅ፦ ታዳጊ ኳስ ተጫዋች ሲመለመል ምን ይለካል?

እስቲ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አስቡ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ያልራቀ ሜዳ። «ለታዳጊ ቡድን ምልመላ አለ» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ተዳርሶ መቶ የሚሆን ልጅ ተሰብስቧል፤ ታኬታ የተዋሰም አለ፣ በሸራ ጫማ የመጣም አለ። አሠልጣኙ አንድ ጠዋት ብቻ ነው ያላቸው፤ መምረጥ ያለባቸው ደግሞ ሃያ ልጅ ነው። አንዱ ልጅ ረዘም ያለ፣ ትከሻው የሰፋ ነው፤ ኳስ ሲመታ ድምፁ እስከ ዳር ይሰማል። ሌላው ደቃቃ ነው። ኳሷን ከእግሩ ሥር አያርቃትም፣ የት እንደሚያቀብልም ቀድሞ ያውቃል፤ ግን በትከሻ ገፋ ሲያደርጉት ይወድቃል።

ማን የሚመረጥ ይመስላችኋል? ትልቁ ነዋ!

ከእናንተ መካከል በእንዲህ ዓይነት ሰልፍ ላይ ቆሞ ስሙ ሳይጠራ ወደ ቤቱ የተመለሰ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ በተለይ ለእሱ ወይም ለእሷ ነው የምጽፈው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አሠልጣኙ ያዩት ችሎታን ነው ወይስ የልደት ቀንን?

የገና ሰሞን ልጆች

ፊፋ ታዳጊዎችን በዕድሜ የሚመድበው በጎርጎርዮሳዊው ዓመት ነው። መስመሩ የሚሰመረው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው። ይቺ ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ትውላለች፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ብቻ ታኅሣሥ 22 ትሆናለች።

አሁን ሁለቱን ልጆቻችንን እንመልከት። ትልቁ የተወለደው ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው እንበል። ይህ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2010 ማለት ነው። ደቃቃው የተወለደው ታኅሣሥ 6 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2010። በእኛ አቆጣጠር የተለያየ ዓመት ልጆች ናቸው። በፊፋ መዝገብ ግን ሁለቱም «የ2010» ናቸው፣ አንድ ምድብ ውስጥ ይሰለፋሉ። በመካከላቸው 11 ወር አለ።

ተቃራኒውም ይገርማል። አንዱ ታኅሣሥ 20፣ ሌላው ታኅሣሥ 26 ቀን 2002 የተወለዱ ሁለት የጎረቤት ልጆችን አስቡ። ስድስት ቀን ብቻ ነው የሚለያዩት፤ እናቶቻቸው በአንድ ገና አራስ ቤት ነበሩ። ግን የመጀመሪያው የ2009፣ ሁለተኛው የ2010 ልጅ ይሆናል። የመጀመሪያው በምድቡ ውስጥ የመጨረሻ ትንሽ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉም ታላቅ ነው ማለት ነው። በስድስት ቀን!

እዚህ ላይ እኛ አገር ብቻ ያለ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «የተወለደው በ2002 ነው» ብቻ ተብሎ ወሩ ካልተጻፈ፣ ብዙ ሰው 8 ደምሮ 2010 ይለዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያሉት 112 ቀናት ግን የሚደመርባቸው 7 ነው። 112ን ለ365 አካፍሉት፦ ወደ 31 በመቶ ይመጣል። ልደቶች በዓመቱ ውስጥ እኩል ተበትነዋል ብንል እንኳ፣ ከአሥር ልጅ የሦስቱ ዓመት በተሳሳተ ምድብ ይጻፋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ወረቀት ላይ ይህ ስሕተት ቢገኝ አይግረማችሁ። ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ የመደመር ስሕተት ነው።

11 ወር ምን ያህል ነው?

ለአያታችሁ 11 ወር ምንም አይደለም። ለ13 ዓመት ልጅ ግን የዕድሜው 7 በመቶ ነው። ወንዶች በፍጥነት በሚያድጉበት ዓመት (በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ) በዓመት 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ፤ ለእነሱ 12 ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ የጥሩ ልጅ ከታኅሣሡ ልጅ በአንድ ራስ ቢበልጥ ችሎታ አይደለም፤ ቀድሞ መምጣት ነው።

ይህን ነገር በቁጥር ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮጀር ባርንስሊ ነው። በ1980ዎቹ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ሊያዩ ሄደው ሳለ ባለቤቱ ፓውላ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ስታነብ የልደት ወራቸው ዓይኗን ሳበው፦ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች... እየደጋገመ ይመጣል። ባርንስሊ ቆጥሮ ሲያየው እውነት ሆነ። ከዚያ በኋላ በእግር ኳስም በሌሎች ስፖርቶችም በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። መስመሩ ሲለወጥ የሚጠቀሙት ወራትም አብረው ይለወጣሉ። እንግሊዝ ውስጥ መስመሩ ሴፕቴምበር 1 ነው፤ ሃሪ ኬን የተወለደው ጁላይ 28 ቀን 1993 ስለሆነ በምድቡ ከትንንሾቹ አንዱ ነበር። አርሰናል በልጅነቱ አሰናብቶታል። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ግን የልደት ቀን ብቻውን ሁሉንም አይነግረንም። በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች እንኳ በሰውነታቸው ዕድገት በአራት ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። አንዱ ጢም ማብቀል ጀምሯል፤ ሌላው ድምፁ ገና አልጎረነነም። አጥንታቸውን ብታዩ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ለስላሳ ክፍል አላቸው፤ ዕድገቱ የሚካሄደው እዚያ ነው። ዕድገት ሲያበቃ ይህ ክፍል ወደ ጠንካራ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል።

ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 የናይጄሪያው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የሚጠቀምበት የእጅ አንጓ ኤም አር አይ ምርመራ የሚያየው ይህንኑ ነው። በራጅ ፋንታ ኤም አር አይ የተመረጠው ጤነኛ ልጆችን ያለ ሕክምና ምክንያት ለጨረር ላለማጋለጥ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ምርመራው የልደት ቀን አይናገርም። አንጓው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ «ይህ ልጅ ከ17 በታች የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው» ይላል። ካልተዘጋ ግን «ከ17 በታች ነው» አይልም፤ አጥንቱ ዘግይቶ የሚዘጋ የ18 ዓመት ልጅም አለና።

ነፋሱ፣ አየሩና ጣት

ወደ ሜዳችን እንመለስ። አሠልጣኙ «በዓይን ብቻ አልመርጥም፣ እለካለሁ» አሉ እንበል። ጎበዝ! 30 ሜትር ሩጫ፣ ስቶፕዋች በእጅ። ችግሩ የሰው ጣት ነው። አንድ ምልክት አይቶ አዝራር እስኪጫን ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። መነሻው ላይ ጣት ይዘገያል፤ መድረሻው ላይ ግን ሯጩ ሲመጣ ስለሚታይ ጣት ቀድሞ ይዘጋጃል። ስለዚህ በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ያነሰ ይሆናል። በ30 ሜትር ሁለት ጥሩ ልጆችን የሚለያቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.1 ሰከንድ ነው። ልዩነታቸው ከስሕተቱ አነሰ ማለት ነው! መፍትሔው ኪስ ውስጥ አለ፦ ስልክ። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ተራ ስልክ እንኳ ከመድረሻው ጎን ቆሞ ከቀረጸ በ0.03 ሰከንድ ልዩነት ሊቆጥር ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ማስሮጥም አለ።

ቀጥሎ የጣና ነፋስ። ቀን ላይ መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በመሬቱ ላይ ያለው አየር ሲነሣ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስለሆነች ነፋሱ ከሰሜን ወደ ከተማዋ ይነፍሳል። ጠዋት በጸጥታ የሮጠና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከጀርባው ገፍቶት የሮጠ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ሲጻፉ ፍርዱ ተዛባ። በአትሌቲክስ ነፋሱ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ከገፋ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን የማይያዘው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ነፋስ መለኪያ ባይኖርም ሁሉንም በአንድ ሰዓት፣ በሁለቱም አቅጣጫ ማስሮጥ ይቻላል።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን 80 በመቶ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በአንድ አምስተኛ ያንሳል። የዮ-ዮ ፈተናን ታውቁ ይሆናል፦ 20 ሜትር ሂዱ፣ ተመለሱ፣ 10 ሰከንድ አረፍ በሉ፣ ድምፁ እየፈጠነ ይቀጥላል። የዴንማርኩ ተመራማሪ ያንስ ባንግስቦ ያዘጋጀው ነው። አንድ የባሕር ዳር ልጅ እዚህ ያመጣውን ውጤት በባሕር ዳርቻ አገር ከተሠራ ሰንጠረዥ ጋር አነጻጽሮ «ደካማ ነው» ማለት ሸክም የተሸከመን ሰው ካልተሸከመ ጋር እንደማሽቀዳደም ነው። ልጁን ከዚሁ ሜዳ ልጆች ጋር አነጻጽሩት።

ሁሉን የሚለኩት አውስትራሊያውያን

መለካትን እንደ አውስትራሊያውያን የሚወድ ብዙም የለም። የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው፤ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅም ይያዛል። ወጣቶቹ ወደ ክለቦች የሚገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ የምርጫ ሥርዓት ነው፦ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ ቅድሚያ ይመርጣል። ከምርጫው በፊት እጩዎቹ ተሰብስበው 20 ሜትር ይሮጣሉ፣ ይዘልላሉ፣ 2 ኪሎ ሜትር ይፈተናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የልደት ወር አድልዎ አልጠፋም። ከተመረጡት የ18 ዓመት ልጆች መካከል በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት ይበዛሉ።

ደስ የሚለው ግኝት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎች ዘግይተው፣ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የተመረጡትን ለብቻ ሲያዩ ነገሩ ተገለበጠ፤ እዚያ የሚበዙት በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት ሆኑ። በ18 ዓመታቸው የታለፉ ልጆች መጫወታቸውን ስላላቆሙ በኋላ ተገኙ። ግን የት ይጫወቱ ነበር? በሁለተኛ ደረጃ ሊግ። እነሱ ሲታለፉ የሚቆዩበት ቦታ አላቸው። በ14 ዓመቱ የተመለሰው የባሕር ዳር ልጅስ የት ይቆያል? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከሰዓትና ከነፋስ በላይ።

ምክንያቱም ምርጫ ራሱን እውነት ያደርጋል። ትልቁ ልጅ ተመረጠ፤ አሠልጣኝ፣ ታኬታ፣ በሳምንት አራት ቀን ልምምድ አገኘ። ደቃቃው አላገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ ትልቁ በእርግጥም ይበልጣል፤ አሠልጣኙም «አላልኳችሁም?» ይላሉ። ያልመረጡት ልጅ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ስለማያይ ስሕተታቸው መቼም አይያዝም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ አንድ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። መልማዮች ልጆችን እያዩ እንዲያወዳድሩ ተደረገ። የልደት ቀናቸው በወረቀት ሲሰጣቸውም አድልዎው አልጠፋም። የማልያ ቁጥሩ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲሆን ግን ጠፋ! 1 ቁጥር ታላቁ፣ የመጨረሻው ቁጥር ታናሹ። መልማዩ ወረቀት ሳይገልጥ ቁጥሩን ባየ ጊዜ ሁሉ ዕድሜው ትዝ ይለዋል። ማልያ ከሌለ በጨርቅ ላይ በእስክርቢቶ መጻፍ ይበቃል። ሌላው ዘዴ አራት ለአራት እያጫወቱ ቡድኑን በየጨዋታው ማደባለቅ ነው። ከማንም ጋር ቢመደብ ቡድኑ ደጋግሞ የሚያሸንፍ ልጅ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው።

እናንተም ቤት ልትጀምሩት የምትችሉት አለ። ጫማ አውልቃችሁ ተረከዛችሁን ከግድግዳ አስጠጉ፣ አናታችሁ ላይ ደብተር አጋድማችሁ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉበት። በየሦስት ወሩ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ድገሙት፤ ማታ ላይ ቁመት ትንሽ ይቀንሳልና። በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ከሄደ ፈጣኑ ዓመት መጥቷል፤ እየጠበበ ከሄደ አልፏል። ገና ካልሰፋ፣ በሚቀጥለው ምልመላ ላይ ከፊታችሁ የቆመው ረጅም ልጅ ያለፈበትን ዓመት እናንተ ገና አልነካችሁትም። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱና ለአሠልጣኙ አሳዩአቸው።