ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የተመለሰው ጠመንጃ፦ ልክ የገባ ጥይት ሁሉ ልኩ አይደለም

ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖር አንድ ተከታታያችን የጠመንጃ ፎቶ ላከልን። እንጨቱ የተፋፋቀ፣ ብረቱን ዝገት የነካካው አሮጌ ኤም ዋን ጋራንድ ነው። የገዛው እዚያው አሜሪካ ነው፤ ጠመንጃው ግን የመጣው ከኢትዮጵያ ነው። ጥያቄውም አጭር ነበር፦ «የአደን ጥይት ገዛሁለት፣ ልክ ገባ። ልተኩስበት?»

«ቆይ ወንድማችን፣ እንዳትተኩስ» አልነው። ለምን እንዳልነው ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ለሁላችሁም እንዲሆን ሰፋ አድርገን ጻፍነው።

መጀመሪያ፣ ይሄ ጠመንጃ ኢትዮጵያ ምን ይሠራ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ፤ የታጠቀውም የአሜሪካን መሣሪያ ነበር። ጋራንድም በእነዚያ ወታደሮች እጅ ነበር። በ1953 ደግሞ ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈራረሙ፣ የአሜሪካ መሣሪያም ወደ አገር ቤት መግባት ቀጠለ። በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ክላሽ መጣ፣ አሮጌው ሁሉ መጋዘን ገባ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ የአሜሪካ አስመጪ ድርጅት ከነዚህ አሮጌ መሣሪያዎች ብዙውን ወደ አሜሪካ ወስዶ ለሰብሳቢዎች መሸጥ ጀመረ። ከጋራንዱና ከካርባይኑ ሌላ የጣሊያኑ ካርካኖ፣ ማውዘር፣ እንዲያውም አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳይ ግራስ ጭምር አለበት። (ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው «ፉዚ ግራስ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። ሰናድርም እንደዚሁ ስናይደር ከሚለው ነው።)

ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ኮል ኦፍ ዱቲ የተጫወታችሁ ጋራንድን ታውቁታላችሁ። 8 ጥይት ተተኩሶ ሲያልቅ «ፒንግ» ብሎ የሚዘል የብረት ማቀፊያ ያለው እሱ ነው። የሠራው ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ጆን ጋራንድ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር በ1936 መደበኛ ጠመንጃው አድርጎ ተቀበለው። በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ማለትም ምላጩን አንዴ ስትስቡ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀለሃውን አውጥቶ ቀጣዩን የሚያጎርሰው ግን ራሱ ነው። እንደ ምንሽር በየጥይቱ በእጅ ማቀባበል የለም።

ጉልበቱን ከየት አመጣው? ከጋዙ ነው። ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ እርሳሱን እየገፋ በአፈሙዙ ውስጥ ይሮጣል። ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሊደርስ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲቀረው ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። እርሳሱ ቀዳዳዋን እንዳለፈ ጥቂት ጋዝ በእሷ ይሾልክና አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል። ዘንጉ የጥይት ቤቱን መዝጊያ ይከፍታል፣ ቀለሃው ይወጣል፣ ከዚያ ስፕሪንጉ ሁሉንም ወደ ፊት ሲመልሰው አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። ይሄ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው የሚያልቀው።

ችግሩም ያለው እዚያ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቀጥ ያለም አይደለም፣ ከአፈሙዙ ሥር ተነስቶ ወደ ጎን ይጠማዘዛል። ልኩን ያለፈ ጋዝ ሲመታው ይጎብጣል። ከጎበጠ ደግሞ ጠመንጃው ማጉረስ ይከለክላል፤ ሲብስም መዝጊያው በኃይል ወደ ኋላ እየተወረወረ የጠመንጃውን ዋና አካል ይጎዳዋል።

«ጥይቱ ያው .30-06 ከሆነ ጋዙ እንዴት ይለያያል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የጭራሮ እሳትና የግንድ እሳት አስቡ። ጭራሮ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ቶሎም ይከስማል። ግንድ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ሙቀቱ ግን ይቆያል። ባሩድም እንደዚሁ ፈጣንና ዘገምተኛ አለው። የጋራንድ ወታደራዊ ጥይት፣ ኤም 2 ቦል የሚባለው፣ 9.8 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስና ፈጠን ብሎ የሚነድ ባሩድ ነው ያለው። ግፊቱ ጥይት ቤቱ ውስጥ ከፍ ይላል፣ እርሳሱ ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ ግን ረግቧል። የዛሬ የአደን ጥይት ብዙው ግን ከባድ እርሳስ ነው የሚገፋው፣ ለዚያ ደግሞ ዘገምተኛ ባሩድ ይጠቀማል። ጥይት ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከወታደራዊው ብዙም ላይለይ ይችላል። ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ ግን ገና ትኩስ ነው፣ ገና ይገፋል። ዘንጉ የማያውቀው ጉልበት ይመታዋል ማለት ነው።

በእጅ ለሚቀባበል ጠመንጃ ይሄ ምንም ማለት አይደለም፣ ዘንግም ቀዳዳም የለውማ። ለዚህ ነው የጥይት ሳጥኑ ላይ .30-06 የሚለውን ብቻ አይቶ መግዛት ጋራንድ ላይ የማይሠራው።

ስለዚህ ልኩ ስንት ነው? አሜሪካ ውስጥ የድሮ ወታደራዊ ጠመንጃዎችን ለሲቪል የሚሸጠው ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ እርሳሱ ከ172 እስከ 174 ግሬን እንዳይበልጥ፣ ግፊቱም ሲ ዩ ፒ በሚባለው መለኪያ ከ50 ሺህ እንዳያልፍ። ግሬን የጥይት ሰዎች የክብደት መለኪያ ነው፤ 174 ግሬን 11.3 ግራም ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጋራንድ ተቀባይነት ባገኘበት ጊዜ የጦሩ መደበኛ ጥይት 174 ግሬን አካባቢ ነበር፤ ቀለል ያለው ኤም 2 ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ዛሬ «ለኤም ዋን ጋራንድ» ብለው ለይተው የሚሠሩት ጥይት አለ። ውድ ይመስላል እንጂ የተጣመመ ዘንግ ከመቀየር ይረክሳል።

አንድ የሚገርም ነገር እዚህ ጋ እናንሳ። ጋራንድ መጀመሪያ ሊሠራ የታሰበው ለዚህ ጥይት አልነበረም። ጆን ጋራንድ ሲሠራበት የነበረው .276 የሚባል፣ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አነስ ያለ ጥይት ነበር፤ ጠመንጃው ቀላል፣ የሚይዘውም 10 ጥይት። በ1932 የጦሩ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር «አይሆንም» አሉ። ምክንያቱ? ጦሩ በመጋዘን የተከመረ እጅግ ብዙ .30-06 ጥይት ነበረው፣ ይሄን ሁሉ ጥሎ አዲስ መጀመር ደግሞ ወጪ ነው። በዚህም ጠመንጃው ለትልቁ ጥይት እንደገና ተሠራ፣ 10 የነበረው 8 ሆነ። የጦር መሣሪያ ጉዳይ ሁሌ በባለሙያ ብቻ የሚወሰን ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ መጋዘኑ ነው የሚወስነው።

ታዲያ ጋዙን ማስተካከል አይቻልም ወይ? በሌሎች ጠመንጃዎች ይቻላል። የቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋል ተኳሹ ራሱ የሚያዞረው የጋዝ መቆጣጠሪያ አለው፤ ሲቆሽሽ ከፈት፣ ሲበዛበት ጠበብ ማድረግ ነው። በ1957 ጋራንድን እንዲተካ የተመረጠው ኤም 14 ደግሞ ፒስተኑ ትንሽ ወደ ኋላ እንደሄደ የጋዙን መግቢያ ራሱ ይዘጋዋል፤ የበቃውን ያህል ብቻ ይወስዳል። ጋራንድ ግን እንደተሠራ ነው፣ የሚዞር ነገር የለውም። አሁን ገበያ ላይ በጋዙ ቱቦ ጫፍ ያለውን ቡሽ የሚተካ፣ ትርፉን ጋዝ ወደ ፊት የሚያስተነፍስ ባለብሎን ቡሽ አለ። ይረዳል። ግን በትክክል ካልተስተካከለ ከባድ ጥይት «አሁንማ ይቻላል» የሚል የውሸት ድፍረት ይሰጣል፤ እኛ ብንጠየቅ ትክክለኛውን ጥይት መግዛት ይሻላል ነው የምንለው።

አሁን ደግሞ ለአሮጌ ጠመንጃ ብቻ የሚሆን ነገር። ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ጋራንድ ውስጡ የደረቀ ቅባት አለበት፣ ስፕሪንጉም ይደክማል። ዘንጉን የሚመልሰው ስፕሪንግ ተፈትቶ ሲለካ ከ19 ኢንች፣ ማለትም ከ48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካነሰ ይቀየራል። የደከመ ስፕሪንግ ዘንጉን አይዘውም፤ ልከኛ ጥይት እንኳ ይከብደዋል። የጥይት ቤቱን ልኬት ደግሞ በዓይን ማየት አይቻልም፣ መለኪያ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ ጋ መውሰድ ግድ ነው።

የጋራንድ መምቻ መርፌ ወደ ኋላ የሚይዘው ስፕሪንግ የለውም። መዝጊያው ተወርውሮ ሲዘጋ መርፌው በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ይንሸራተትና የጥይቱን ቀስቃሽ ነካ ያደርገዋል። ሳይተኮስ የወጣ ጥይት ግርጌው ላይ ትንሽ ጠባሳ ብታዩ ከዚህ ነው። ወታደራዊ ጥይት ቀስቃሹ ጠንከር ያለ ስለሆነ ችግር የለም። ለስላሳ ቀስቃሽ ያለው ጥይት ግን ምላጩ ሳይነካ ሊተኮስ ይችላል። በተለይ አንድ ጥይት ብቻ ያለ ማቀፊያው ጥይት ቤት ከትቶ መዝጊያውን መልቀቅ አደገኛ ነው፤ መዝጊያውን የሚያዘገየው ነገር የለምና በሙሉ ፍጥነት ነው የሚመታው። (አውራ ጣትንም እንደዚሁ ነው የሚመታው። አሜሪካኖች «የጋራንድ አውራ ጣት» ብለው ስም አውጥተውለታል።)

ርካሽ ተብሎ የሚገዛ የድሮ ወታደራዊ ጥይትም ጣጣ አለው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የአሜሪካ .30-06 ብዙው ቀስቃሹ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ዝገት ያመጣል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ መጀመሪያ በውኃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። ወንድማችን የላከው ፎቶ ላይ ከጋዙ ቱቦ አካባቢ የሚታየው ዝገት ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር። «7.62» የሚለውን ቁጥር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙ ሰው አንድ ጥይት ይመስለዋል። አይደለም። የክላሹ 7.62 ቀለሃው 39 ሚሊ ሜትር ነው። የኤም 14 እና የፋሉ 51 ነው። የፒኬኤምና የድራጉኖቩ 54 ሆኖ ግርጌው ላይ ከንፈር አለው። የጋራንዱ .30-06 ራሱ በሚሊ ሜትር ሲነገር 7.62፣ ቀለሃው 63 ነው። 7.62 የሚነግራችሁ የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት እንጂ የጥይቱን ርዝመትም ጉልበትም አይደለም። ባለ 51ዱ ጋራንድ ውስጥ ገብቶ ሊተኮስ ሁሉ ይችላል፤ ግን ከፊቱ ባዶ ቦታ ስለሚተርፍ ቀለሃው ሊቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ ዘመድ ካላችሁ (ጉዳዩ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው) ከየትም የተገኘ የተቀላቀለ ጥይት እንዳይጠቀም ንገሩት።

ወንድማችንን የጥይቱን ሳጥን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልን ጠየቅነው። 180 ግሬን ይላል፣ ለአጋዘን አደን የተሠራ። ሳጥኑን አስቀምጦ ጠመንጃውን ወደ ባለሙያ ወሰደው። ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ጻፈልን፦ ስፕሪንጉ ሲለካ 18 ኢንች ተኩል ሆኖ ተገኝቷል።