የማይተነፍስ ሞተር ለደጋ አገር

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ወሬ በተነሳ ቁጥር ተደጋግሞ የሚሰማ ፍርድ አለ። «ለሜዳ አገር የተሠራ ነው፤ የእኛን ዳገት አይችልም» ይባላል። ፍርዱ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ባትሪ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በቶሎ ወደሚደክመው የእጅ ባትሪ ነውና። ነገሩን በጥሞና ለመረመረ ግን እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ቤንዚንና ናፍጣን ለመተካት ከቀረቡት አማራጮች ውስጥ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚኖር፣ በገደልና በሸለቆ ለተከፋፈለ አገር እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር የተስማማ የለም። ከሸንኮራ አገዳና ከዘይት ፍሬ የሚገኘው ባዮፊውልም የራሱ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት የቤት መኪና ሰልባትዮ ውስጥ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባትሪ፣ ሞተርና ሁለቱን የሚያገናኝ መቆጣጠሪያ አለው፤ ዘይት የሚቀየርለት ሞተር፣ ካንዴላም ሆነ ጭስ ማውጫ የለውም። አዲስ ፈጠራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 ካሚል ዠናትዚ የተባለ ቤልጂጋዊ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ሲያልፍ የነዳው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። ባዮፊውልም እንዲሁ አሮጌ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሁለቱንም ለመቶ ዓመት ወደ ጓዳ የመለሳቸው የነዳጅ ዘይት ርካሽነት ነው። ይህ ርካሽነት ወደብ ለሌለው፣ እያንዳንዷን ሊትር በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ለሚያስጭን አገር ግን ብዙም ደርሶት አያውቅም።

ወደ ዳገቱ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ፒስተኑ በሳበ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንኑ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ተራ የቤንዚን ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ 75 ገደማ ይቀረዋል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከቆላ የመጣ ሯጭ በቆጂ ላይ የሚያለከልክበትና አሮጌ ሚኒባስ ዳገት ላይ የሚያቃስትበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሁለቱም አየር አጥሯቸዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከጉድለቱ አብዛኛውን ያካክሳል ለሚል ክርክር መልሱ «ልክ ነው» ነው፤ ቱርቦ ግን ራሱን የቻለ ውድ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል፣ ይጠገናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳንባ የለውም። ጉልበቱ የሚመነጨው ከመግነጢስ ስለሆነ ጅቡቲም ሆነ ጣርማ በር ላይ ያው ነው፤ ሙሉ የመዞር ኃይሉንም ገና ከቆመበት ሲነሳ ይሰጣል። ዳገት መሐል ቆሞ ለመነሳት ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ከዳገቱ የሚበልጠው ድንቅ ነገር ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። ማንኛውም ዳገት የወጣ መኪና ጉልበቱን ከፍታው ላይ አስቀምጦታል። ሒሳቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ አንድ ቶን ክብደት 1,000 ሜትር ሲወርድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። የቤንዚን መኪና ይህን ኃይል የሚያደርስበት ስለሌለው በፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ ለነፋስ ይሰጠዋል። ከረጅም ቁልቁለት በታች የሚሸተው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ፣ ዳገቱ ላይ የተቃጠለው ውድ ነዳጅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሾፌር ግን እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ሞተሩ ዲናሞ ይሆናል፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ኮረንቲ ያመነጫል፣ ኮረንቲውም ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይገባል። መኪናው የሚዘገየው በዚህ ጭነት ነውና ፍሬኑ ሳይነካ ይወርዳል፤ የፍሬኑ ሸራም ዕድሜው ይረዝማል።

ይህን በዓባይ በረሃ ላይ እናስላው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገትም ከዚያ ብዙ አይለይም፤ መንገዱ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከነተሳፋሪው 2 ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ይለቀቃል። ከዚህ ላይ የጎማው ሰበቃና የነፋሱ ግፊት ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ በመለወጥ የሚባክነውም ሲቀነስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ባትሪው ውስጥ ይገባል። ወደ ደጀን ለመውጣት 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈለው 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ሲመነዘርም 15 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ ደግሞ ያው መኪና በሜዳ ላይ ከሚፈጀው ብዙም የራቀ አይደለም። በአገሪቱ ካሉት አስፈሪ ገደሎች አንዱ ለኤሌክትሪክ መኪና በሒሳብ ደረጃ ሜዳ ይሆንለታል ማለት ነው።

ይህን ስጦታ በገዛ እጃቸው የሚጥሉ አሽከርካሪዎች መኖራቸው ያሳዝናል። ከቤንዚን ዘመን በተወረሰ ልማድ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ፎሌ የሚያደርጉ አሉ። ይህ በቤንዚን መኪናም አደገኛ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪው የሚያገኘውን ኃይል መከልከል ነው፤ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሌሎች ደግሞ ቤታቸው ዳገት አናት ላይ ሆኖ ሌሊቱን ባትሪውን እስከ 100 በመቶ ሞልተው ጠዋት ቁልቁል ይነዳሉ፤ የሞላ እንስራ ውኃ እንደማይቀበል ሁሉ የሞላ ባትሪም ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኮረንቲ አይቀበልም። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አዘውትሮ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ቢያቆም የቀረውን መንገዱ ራሱ ይሞላለታል። ከሁሉ የከፋው በቀጭን ኤክስቴንሽን ገመድ፣ ግራውንድ በሌለው ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ነው። ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚስብ ዕቃ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር ይፈልጋል፤ ይህን ለማስተካከል የሚከፈለው ገንዘብ ቤት ከሚቃጠል ይሻላል።

አሁን ወደ ባዮፊውል እንለፍ። ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ከስኳር ፋብሪካ በሚተርፈው ሞላሰስ ፊንጫና መተሐራ ኢታኖል አምርተዋል፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማደያዎች 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ድብልቁ በኋላ ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ኢታኖል ጥሩ ነዳጅ ነው፤ በሞተር ውስጥ ያለጊዜው አይፈነዳም፣ ንጹሕ ሆኖ ይነዳል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በያዘችው ፕሮግራም ሰፊ የመኪና ሠራዊት በሸንኮራ አገዳ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳይታለች። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ከአንድ ቶን ሸንኮራ አገዳ በሚተርፈው ሞላሰስ የሚገኘው ኢታኖል 10 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ኢታኖል ደግሞ የሚይዘው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ 1,200 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ አንድ የቤት መኪና በዚህ ስሌት ከ180 ቶን ሸንኮራ አገዳ የሚተርፍ ሞላሰስ ይፈልጋል። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን አገዳ የሚፈጭ ትልቅ ፋብሪካ እንኳ ከ6,000 ያነሱ መኪኖችን ብቻ ያዳርሳል።

«ሞላሰሱ ካልበቃ ጭማቂውን ራሱን እናፍላው፤ መሬት ሞልቶናል» የሚል ካለ ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው። በጥሩ እርሻ ከአንድ ሄክታር ሸንኮራ አገዳ በዓመት 7,000 ሊትር ያህል ኢታኖል ይገኛል፤ ይህ አንድ መኪና 60,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። በዚያው ሄክታር ላይ የፀሐይ ፓኔል ቢዘረጋና ኮረንቲው ለኤሌክትሪክ መኪና ቢሰጥ ርቀቱ በዝቅተኛ ግምት ከ50 እጥፍ በላይ ይሆናል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ቅጠል ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል ወደ ነዳጅነት የሚያደርሰው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ የቤንዚን ሞተር ሩብ ገደማውን ብቻ ለጎማው አድርሶ የቀረውን በሙቀት ያባክናል። ፓኔል 20 በመቶ ያህሉን ይይዛል፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ከባትሪው ያወጣውን ከ80 በመቶ በላይ ለጎማው ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ በወጣበት ሰሞን ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው አይደርቄ ወይም ጃትሮፋና ጉሎ ከእጅ አይሻል ዶማ የሆኑትም ለዚህ ነው። በደረቅ መሬት ላይ ይበቅላሉ የተባለው እውነት ነበር፤ ብዙ ፍሬ ለመስጠት ግን እንደማንኛውም ሰብል ውኃና ለም አፈር ጠየቁ። ውኃና ለም አፈር ባለበት ደግሞ ጤፍና በቆሎ ይቀድማሉ።

ይህ ባዮፊውልን ለማጣጣል አይደለም፤ ቦታውን ለማሳየት ነው። አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ የሚይዘው ኃይል አንድ ኪሎ ግራም የመኪና ባትሪ ከሚይዘው 50 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበር አውሮፕላን በሚታይ ዘመን በባትሪ አይበርም። ትልቅ አየር መንገድ ያላት አገር የዕፅዋት ነዳጅዋን ለሰማዩ ብታስብ ያዋጣታል። ሁለተኛው ቦታ ማድ ቤት ነው። በጅግጅጋ አካባቢ በሚገኙ የስደተኛ መጠለያዎች የኢታኖል ምድጃ እንጨትና ከሰልን ተክቶ አገልግሏል። ከሰልን የሚያስቀር አንድ ሊትር ኢታኖል ደንና የእናቶችን ሳንባ ያድናል፤ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን የሚያስኬደው ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ዋናው «መብራት እየጠፋ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ነገሮችን በመለየት ይጀምራል። የኃይል ምንጩ አያንስም። 100,000 የኤሌክትሪክ መኪኖች እያንዳንዳቸው በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ የሚፈልጉት 300 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ደግሞ የታቀደው በዓመት ከ15,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ እንዲያመነጭ ነው። የአገሪቱ ኮረንቲ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመጣም «ጭሱ ከመኪናው ወደ ኃይል ማመንጫው ዞረ እንጂ አልቀረም» የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም። የሚያንሰው ማከፋፈያው ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ያረጀው መስመር፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው የቻርጅ ጣቢያ እጥረት። ይህ እስኪስተካከል ድረስ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የከተማ መኪና በደንብ በተዘረጋ መስመር ላይ ባለ ተራ ሶኬት 4 ሰዓት ያህል ስለሚበቃው፣ ከ24ቱ ሰዓት ውስጥ መብራት ያለበትን 4 ሰዓት ማግኘት ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ ይቻላል። መብራት ሲጠፋ የማደያው ፓምፕም እንደሚቆም መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባትሪው ዕድሜ ነው። ዛሬ በብዙ የቻይና መኪኖች ውስጥ የሚገባው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ2,000 ጊዜ በላይ ሞልቶ መጉደል ይችላል፤ የደጋው ቀዝቀዝ ያለ አየርም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐሩር ይልቅ ይስማማዋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ግን ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ መክፈል የለበትም፤ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያሳየውን ምርመራ አስደርጎ ይግዛ። ሦስተኛውና ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የከባድ መኪና ነው። እቃ የጫነ ተሽከርካሪ ከጅቡቲ የሚመጣው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ባትሪው ከባድና ውድ ይሆናል፣ ቁልቁለት የሚወርደውም በአብዛኛው ጭነት ሲቀንስ ስለሆነ የሚመልሰው ኃይል ያንሳል። ለዚህ መልሱ መንገዱ ላይ ሳይሆን ሐዲዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከራሱ በላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኮረንቲ ይወስዳል፤ ባትሪም ሆነ ናፍጣ መሸከም አያስፈልገውም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲሰማ ብዙ ሰው ከዘመን የቀደመ ችኮላ ብሎታል። አፈጻጸሙ ላይ የሚነሳው ቅሬታ መደመጥ አለበት፤ መካኒክ ሳይሠለጥን፣ መለዋወጫ ሳይገባ፣ ትራንስፎርመር ሳይጠናከር መኪና ብቻ ማብዛት ዋጋ ያስከፍላል። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። ነዳጅዋን ከውጭ የምትገዛ፣ ወንዝ የሞላት፣ ከተሞችዋ አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ የተሠሩ አገር የማይተነፍሰውን ሞተር መምረጧ ከተፈጥሮዋ ጋር መስማማት ነው። አገዳው ለምድጃውና ለአውሮፕላኑ ይቆይ፤ መኪናው በወንዙ ይሂድ። ቁልቁለት ላይ የደረሰ አሽከርካሪም ፎሌ አያድርግ፤ እግሩን አንስቶ መንገዱ ባትሪውን እንዲሞላለት ይተወው።